ፊቷን እንጂ ደመወዟን ያላሳዩን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ

አሜሪካ ውስጥ በየዓመቱ የገና ሰሞን በቴሌቪዥን የሚታይ አንድ የቆየ ፊልም አለ፤ «ኢትስ ኤ ወንደርፉል ላይፍ» ይባላል። ፍራንክ ካፕራ እ.ኤ.አ. በ1946 የሠራው ነው። ጆርጅ የሚባል ሰው ኑሮ መርሮት ራሱን ሊያጠፋ ድልድይ ላይ ቆሞ ሳለ አንድ መልአክ ይደርስለትና፣ እርሱ ባይወለድ ኖሮ ዓለም ምን ትመስል እንደነበር ያሳየዋል። ወንድሙ በልጅነቱ ሞቷል። የኖረባት ከተማ የመጠጥና የቁማር ሰፈር ሆናለች። እናቱ እንኳን አታውቀውም። ይህን ሁሉ ካየ በኋላ ሚስቱን ሲጠይቅ ግን መልአኩ ለመናገር ያመነታል፤ ብነግርህ አትወደውም ይለዋል። ከዚያ ሜሪን እናያታለን። ሳታገባ ቀርታ፣ ፀጉሯን ጠቅልላ፣ መነጽር አድርጋ፣ የቤተ መጻሕፍቱን በር ቆልፋ ስትወጣ።

ፊልሙን እወደዋለሁ። እዚያ ቦታ ላይ ስደርስ ግን ሁልጊዜ ሆዴን ይቆርጠኛል፤ ምክንያቱም ሜሪ ላይ የደረሰው መዓት እኔ የምተዳደርበት ሥራ ነው። ከወንድም ሞትና ከከተማ ጥፋት ጋር በአንድ ሰልፍ፣ ያውም መጨረሻው ላይ፣ የሁሉም ክፉ ሆኖ የተቀመጠው በቤተ መጻሕፍት ተቀጥሮ መሥራት ነው።

መነጽሩን ልብ በሉት። በሌላኛው ሕይወቷ፣ ጆርጅን አግብታ ልጆች በወለደችበት ሕይወት፣ ሜሪ መነጽር የላትም። ዕድሜዋ ያው ነው፣ ዓይኗም ያው ነው። መነጽሩ የተደረገላት ተመልካቹ በአንድ አፍታ እንዲያውቃት ነው። እንግዲህ በ1946 ይህ ምልክት ማብራሪያ የማያሻው፣ ከተመልካቹ ጋር አብሮ ያደገ ነበር ማለት ነው። ከየት መጣ? ይህን ጥያቄ ለብዙ ዓመት ይዤው ዞሬያለሁ። የደረስኩበት መልስ ስለ ሴትየዋ ጠባይ አይደለም፤ ስለተቀጠረችበት ሁኔታ ነው።

መጻሕፍትን በቁጥር የመመደቢያውን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1876 ያወጣው ሜልቪል ዲዊ፣ በ1887 ኒውዮርክ በሚገኘው ኮሎምቢያ ኮሌጅ የመጀመሪያውን የሙያ ትምህርት ቤት ከፈተ። ከ20ዎቹ የመጀመሪያ ተማሪዎች 17ቱ ሴቶች ነበሩ። ኮሌጁ በዚያን ጊዜ ሴቶችን ስለማይቀበል የቦርዱ አባላት ተቆጡ፤ ትምህርት ቤቱም ሁለት ዓመት ቆይቶ ወደ አልባኒ ተዛወረ። እስከዚህ ድረስ ሲወራ ታሪኩ ያማረ ነው። ሴቶቹ የተፈለጉበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ግን ርካሽ መሆናቸው ነበር፤ የተማረች ሴት ከወንድ ባነሰ ደመወዝ ትገኛለች። ዲዊ ራሱ ሴቶችን በመተንኮሱ፣ አይሁዶችንና ጥቁሮችንም ካቋቋመው የመዝናኛ ክለብ በማግለሉ፣ የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር በ2019 በስሙ ይሰጥ ከነበረው ሜዳሊያ ላይ ስሙን አንሥቶታል።

በዚያ ዘመን ደግሞ በብዙ መሥሪያ ቤት ሴት ስታገባ ሥራ መልቀቅ ይጠበቅባት ነበር። ይህን ይዘን እናስብ። ያገባችው ትሄዳለች፣ ያላገባችው ትቀራለች። ሠላሳ ዓመት እዚያው ወንበር ላይ የምትገኘው ማን ናት? ያላገባችው። የከተማው ሰው በየሳምንቱ የሚያያት እርሷን ነው፤ ከእርሷ በፊት በሠርጋቸው ዋዜማ የወጡትን ማንም አያስታውስም። እናም ነገሩ ተገለበጠ። ሥራው ያላገቡትን ብቻ ማስቀረቱ ተረስቶ፣ የሚያገባት ያጣች ሴት የምትገባበት ሥራ ነው ተባለ። ፊልም ሠሪው ፊቷን ወሰደ፤ ያንን ፊት እዚያ ወንበር ላይ ያስቀረውን ደንብ ግን አላነሣውም።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ሥራዎች ብዙዎቹ ይህቺን ሴት ለማዳን የሞከሩት ከቤተ መጻሕፍት በማስወጣት ነው። ባትገርል የምትባለው የሥዕል ታሪክ ጀግና ቀን ቀን ፀጉሯን ጠቅልላ መጻሕፍት ታድላለች፣ ማታ ጭንብል አጥልቃ ወንጀለኛ ታሳድዳለች። በ1999 «ዘ ማሚ» ላይ ያለችው ኤቭሊን በሙያዋ ኮርታ ስትናገር እሰማታለሁ፣ ደስም ይለኛል፤ ነገር ግን ጀግና የምትሆነው መነጽሯን ካወለቀች፣ ፀጉሯን ከፈታችና በረሃ ከወረደች በኋላ ነው።

ሌላው ምልክት ጣት ከንፈር ላይ አድርጎ «እሽሽ» ማለት ነው። በ1984 የወጣው «ጎስትባስተርስ» የሚጀምረው በኒውዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው። ሁለት የድንጋይ አንበሶች በር ላይ ያሉበት፣ በ1911 የተከፈተው ያ ትልቅ ሕንፃ። ምድር ቤቱ ውስጥ፣ በመደርደሪያዎቹ መካከል፣ አንዲት የሞተች የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ መንፈስ መጽሐፍ ታነባለች፤ ሊያናግሯት ሲቀርቡ ዝም በሉ ትላቸዋለች፣ ሊይዟት ሲሞክሩ ወደ ጭራቅነት ተለውጣ ታስደነግጣቸዋለች። ያው ቤተ መጻሕፍት ከ1968 ጀምሮ የስልክ ጥያቄ መልስ አገልግሎት አለው። ማንም ሰው ደውሎ ስለ ማንኛውም ነገር ይጠይቃል፤ መልስ የሚፈልጉለት ሠራተኞች አሉ። ስሙን እንኳን ለማያውቁት ደዋይ መልስ ፍለጋ መደርደሪያ ለመደርደሪያ የሚዞሩት እነዚህ ሰዎች በሚሠሩበት ተቋም፣ ሲኒማ ያየው ሰው ሲያናግራት የምትቆጣ ሬሳ ነው። ይህ ያሳዝነኛል። በአንድ ቀልድ የተነሣ አይደለም፤ ቀልዱ የሰማውን ሰው ወደ ጠረጴዛዬ እንዳይቀርብ ስለሚያደርገው ነው። ጥያቄ ይዞ መጥቶ፣ ፊቴን አይቶ፣ ሳይጠይቅ የሚመለስ ሰው በዓይኔ አያለሁ።

በአገራችን ያለው ምስል ሌላ ነው። እኛ ዘንድ ያላገባችው ሴትዮ የለችም። እኛ ዘንድ ያለው በመስኮት በኩል «የለም» የሚለው ሰውዬ ነው። መታወቂያ ተቀብሎ፣ ወረቀቱን ገልብጦ አይቶ፣ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ብዙ ቆይቶ፣ «ወጥቷል» የሚል። በር ላይ ቦርሳ የሚፈትሽ። ተማሪው ሲመረቅ ክሊራንስ የሚፈርም፣ ወይም የማይፈርም። ባየኋቸው የአማርኛ ፊልሞችና ድራማዎች ቤተ መጻሕፍት ሲመጣ ብዙውን ጊዜ ልጅና ልጅት የሚተያዩበት ቦታ ሆኖ ነው፤ ሠራተኛው ቢኖርም ጀርባው ነው የሚታየው። አክስቴ እንኳን፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ያንቺስ ሥራ ምን አለበት፤ ቁጭ ብለሽ መጽሐፍ መጠበቅ ነው» ትለኝ ነበር። በክፋት አልነበረም። ያየችው ያንን ነው።

እዚህም ግን ፊቱን የሠራው ሁኔታው ነው። ሥራ በጀመርኩበት ቤት መደርደሪያው ዝግ ነበር፤ አንባቢ ገብቶ አይመርጥም፣ ካርድ ሞልቶ ይጠይቃል። መጻሕፍቱ በስማችን ተፈርሞባቸው የተረከብናቸው ንብረቶች ነበሩ። ቆጠራ ላይ አንድ መጽሐፍ ከጎደለ ዋጋው ከተረካቢው ደመወዝ ይቆረጣል። አንድ የውጭ አገር የሕክምና መጽሐፍ የወር ደመወዝ በልጦ ሊገኝ ይችላል፤ ቢጠፋ ደግሞ በውጭ ምንዛሪ እንደገና ተገዝቶ እስኪመጣ ዓመታት ያልፋሉ። እንግዲህ ልጆች ያሉት፣ የቤት ኪራይ ያለበት ሰው በዚያ መስኮት ላይ ተቀምጦ፣ መጽሐፍ የሚጠይቅ እጅ ሲዘረጋለት ምን ይታየው? አንባቢውን እንደ አደጋ እንዲያይ ያስገደደው ቆጠራው ነው። «የለም» ማለት ደመወዙን አያስቆርጥም፤ «አለ» ማለት ሊያስቆርጥ ይችላል።

እነዚያን የሥራ ባልደረቦቼን አውቃቸዋለሁ። ሲያስነጥሱ የካርቶን አቧራ የሚወጣቸው፣ የተቀደደ ገጽ በገዛ ገንዘባቸው በገዙት ሙጫ የሚጠግኑ፣ የፈተና ሰሞን ሌሊት መብራት ሲጠፋ ተማሪው እንዳይበተን ጄኔሬተር ለማስነሣት የሚሮጡ ነበሩ። መደርደሪያው ለአንባቢ ክፍት በሆነበት ሌላ ቤት ተዛውሬ ከእነርሱ አንዱን መልሼ ባገኘሁት ጊዜ፣ ያ «የለም» ይል የነበረ ሰው ተማሪዎችን እጃቸውን ይዞ መደርደሪያ ለመደርደሪያ ሲያዞር አየሁት። ሰውዬው ያው ነው። የተለወጠው የንብረት ደንቡ ነው።

የሥራን ምክንያት ቆርጦ ፊትን ብቻ ማስቀረት ምን ያህል ሊሄድ እንደሚችል ያስተማረኝ ግን የሩት ብራውን ታሪክ ነው። ሩት ብራውን በኦክላሆማ፣ በባርትልስቪል ከተማ ሠላሳ ዓመት ያህል የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የመራች ሴት ናት። ዘረኝነት በሕግ በጸናበት አገር ለጥቁሮች አገልግሎት እንዲሰፋ ትሠራ ነበር፤ አንድ ቀን ሁለት ጥቁር መምህራን ይዛ ምግብም የሚሸጥበት፣ ለነጮች ብቻ የተፈቀደ መድኃኒት ቤት ገብታ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች። እ.ኤ.አ. በ1950 ተባረረች። ለመባረሯ የቀረበው ምክንያት ግን ሌላ ነበር፤ መደርደሪያዋ ላይ ያሉት አንዳንድ መጽሔቶች ኮሚኒስታዊ ናቸው ተባለ።

ከስድስት ዓመት በኋላ ከዚህ ታሪክ መነሻ ያገኘ «ስቶርም ሴንተር» የሚባል ፊልም ወጣ። ቤቲ ዴቪስ አንድን የኮሚኒስት መጽሐፍ ከመደርደሪያ አላነሣም ብላ ከሥራዋ የምትባረር ሴት ሆና ትሠራለች። ጥሩ ፊልም ነው፣ በዚያ ዘመን መሠራቱም ድፍረት ነው። ነገር ግን ጥቁሮቹ መምህራን ፊልሙ ውስጥ የሉም። የምግብ ጠረጴዛው የለም። የከሰሷት ሰዎች የሸፈኑትን ምክንያት ፊልሙም ሸፈነው። መጽሐፍን ስለ መጠበቅ የተሠራ ሆነ፤ ሩት ብራውን የተባረረችው ግን መጽሐፉን ማን ያንብበው በሚለው ጥያቄ ነው። ይህን ልዩነት ማንም ቢያቃልለው እኔ አላቃልለውም። መጽሐፍ የሚጠብቅ ሰው በየትም አለ፤ ቁልፍም ይጠብቀዋል።

ሥራችንን ሥራ አድርጎ ያሳየ አንድ ፊልም ጥቀሺ ብትሉኝ ሳላመነታ የምጠራው የ1957ቱን «ዴስክ ሴት» ነው። ካትሪን ሄፕበርን በአንድ የቴሌቪዥን ኩባንያ ውስጥ የመረጃ ክፍል ኃላፊ ናት፤ ከእርሷ ጋር ሦስት ሴቶች አሉ፤ ስልኩ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል፣ እነርሱም ይመልሳሉ። ስፔንሰር ትሬሲ «ኤመራክ» የሚባል ግዙፍ ኮምፒውተር ይዞ ይመጣል፤ ሴቶቹ ሥራችንን ሊነጥቀን ነው ብለው ይፈራሉ። ፊልሙ የፍቅር ታሪክ ነው፤ እኔን የያዘኝ ግን ስለ አንዲት ደሴት የቀረበው ጥያቄ ነው። ሰው ስለ ኮርፉ ደሴት ይጠይቃል፤ የማሽኑ ሠራተኛ በድምፅ የሚመሳሰል ሌላ ቃል ትጽፍበታለች፤ ማሽኑም ከጥያቄው ጋር ምንም የማይገናኝ ረጅም ግጥም እየተንጣጣ ያትማል። ማሽኑ አልተሳሳተም፤ የተሰጠውን መልሷል። የተሰጠው ግን የተጠየቀው አልነበረም።

የሥራችን ልብ ያ ነው። ሰው የሚፈልገውን አይጠይቅም፤ ቤተ መጻሕፍት ያለው የሚመስለውን ነው የሚጠይቀው። አንድ ሽማግሌ ጠረጴዛዬ ዘንድ ቀርበው «ልጄ፣ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይኖራችኋል?» አሉኝ። መጽሐፉን አውጥቶ መስጠት ይቻላል። የ1952 ዓ.ም. ሕግ ግን ከሦስት ሺህ በላይ አንቀጽ ያለው መጽሐፍ ነው፤ ለእርሳቸው እርሱን መስጠት ማለት ባዶ እጃቸውን መመለስ ነው። «አባባ፣ ከውስጡ የትኛውን ነገር ሊያዩ ፈልገው ነው?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ «ብቻ እንዲያው ላየው ነው» አሉኝ። አጠገቤ ወንበር ሳብኩላቸው። ስለ ዝናቡ አወራን፣ ስለ ታክሲው ሰልፍ አወራን። ቆይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ወንድማቸው እንደሞተ፣ በቃሉ የተናገረው ኑዛዜ እንዳለ፣ የወንድማቸው ልጆችና እርሳቸው መኳረፋቸውን ነገሩኝ። የሚፈልጉት መጽሐፉን አልነበረም፤ የቃል ኑዛዜ ይጸናል ወይስ አይጸናም የሚለውን ነበር።

ስለ ውርስ የሚናገረውን ክፍል፣ ከአንቀጽ 826 ጀምሮ ያለውን ገለጥኩላቸው፤ የኑዛዜውን ዓይነቶች የሚዘረዝረውንም አሳየኋቸው፤ ዓይናቸው ስለደከመ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ፍርድ መስጠት የእኔ ሥራ ስላልሆነ፣ ነጻ የሕግ ምክር የት እንደሚገኝ ጽፌ ሰጠኋቸው። በዚያ ሰዓት ከአዳራሹ አንድ ሰው ዞር ብሎ ቢያየን፣ ያየው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጮክ ብላ የምታወራ ሠራተኛ ነው።

ዛሬ ኤመራክ በየሰው ኪስ ገብቷል። ተማሪዎች በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፈላቸውን የመጻሕፍት ዝርዝር ይዘው ይመጣሉ፤ ደራሲው እውነተኛ፣ አርእስቱ ያማረ፣ መጽሐፉ ግን በምድር ላይ ያልተጻፈ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ካታሎግ ላይ ፈልጌ፣ በሌሎች ቤተ መጻሕፍት ፈልጌ፣ በመጨረሻ «ይህ መጽሐፍ የለም» ስላቸው ያቺ የመስኮቱ «የለም» ትመስላቸዋለች፤ ፊታቸው ላይ አነባታለሁ። ስለዚህ «የለም» ብዬ አላቆምም። እንዴት እንደፈለግሁ ስክሪኑን አዙሬ አሳያቸዋለሁ፤ ከዚያ «ምን ልትጽፉ ነበር?» ብዬ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።

በእውነተኛው ዓለም ያሉትን ሰዎች ሳስብ ደግሞ ሲኒማው ምን ያህል እንዳመለጠው ይገባኛል። በስደት አሜሪካ ገብቶ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የሆነው ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ አለ። ከትምህርት ቤት ውጭ ያለ መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ በእጁ የገባው በ19 ዓመቱ እንደነበር ተናግሯል። በሚሠራበት ቤት በየቋንቋው የልጆች መጽሐፍ ሲሰበስብ በአማርኛ የሚገዛ አጣ። ራሱ ጻፈ፣ ድርጅት አቋቋመ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ፤ ሁለት ዓመት ቆይቶም በአዋሳ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ጀመረ። እዚያ ጸጥታ የሚባል ነገር የለም፤ ልጆቹ አህያዋን እየተከተሉ ይጮኻሉ።

የግዕዝ ሊቁ ጌታቸው ኃይሌም ነበሩ። በደርግ ዘመን ቤታቸው ውስጥ በጥይት ተመትተው፣ ከወገባቸው በታች ሽባ ሆነው፣ በሚኒሶታ በሚገኝ ገዳማዊ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከአገር ቤት በማይክሮፊልም የተነሡ በሺዎች የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍትን አንድ በአንድ እያነበቡ ካታሎግ አዘጋጁ። እያንዳንዱ ብራና ምን እንደያዘ፣ የማን እንደነበር፣ በኅዳጉ ላይ ምን የመሬት ስጦታ ወይም ውል እንደተጻፈበት መዘገቡ። ዛሬ በየትኛውም አገር ያለ ተመራማሪ በአንድ ቁጥር ያንን መጽሐፍ ይጠራዋል። ካታሎግ መሥራት አሰልቺ ነው ለሚሉኝ ሰዎች የእርሳቸውን ስም እነግራቸዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1956 ከእንግሊዝ መጥተው በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት በወመዘክር የሠሩት፣ በኋላም የዛሬውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ለዓመታት የመሩት ሪታ ፓንክረስትም ብዙ ሊባልላቸው የሚገባ ነው፤ ለእርሳቸው ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይሻል።

አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2014 ዓ.ም. ሲከፈት ቴሌቪዥኑ ሕንፃውን ከላይ ከታች አሳየን፤ መደርደሪያው ረጅም፣ ብርሃኑ የሚያምር። ደስ ብሎኛል፤ በአራት ኪሎ እንዲህ ያለ ቤት መቆሙ ቀላል ነገር አይደለም። ካሜራው ግን መደርደሪያውን ሲያሳይ መጻሕፍቱን ማን እንዳደራጃቸው አልጠየቀም፤ እኔ ደግሞ ማየት የጓጓሁት እርሱን ነበር።

ፊልም የምትጽፉ፣ ድራማ የምትሠሩ ልጆች ይህን ታነቡ ይሆናል። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ስትጽፉ ሦስት ነገር ጠይቁልኝ። ደመወዟ ስንት ነው? መጽሐፍ ቢጠፋ የሚከፍለው ማን ነው? ዛሬ ጠዋት የመጣው ሰው በእርግጥ የፈለገው ምን ነበር? መልሱን የማታውቁ ከሆነ ሥራ ቦታዬ ድረስ ኑ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ጠረጴዛው ላይ ነኝ፤ ወንበር ስቤላችሁ የማውቀውን ሁሉ እነግራችኋለሁ።